የሚጮኸው ምንድን ነው? በኮምፒዩተር የኮረንቲ መጋቢ ጥገና ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

1. መነሻ

የሙያ ስያሜ በሁለት ቦታ ይፈተናል። አንደኛው የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጠረጴዛ ሲሆን ሁለተኛው ቃሉ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ነው። የአማርኛ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተቋቋመ፣ ኋላም ተግባሩ ሰፍቶ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከተባለ ወዲህ፣ በመጀመሪያው ቦታ ብዙ ተደክሟል። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የዚሁ ድካም ፍሬ ነው። በሁለተኛው ቦታ ግን ስያሜዎቻችን እምብዛም አልተፈተኑም። ቃላቱ በፊደል ተራ ተሰልፈው ሲታዩ የሚያምሩ ናቸው፤ እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ሰው አንድን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲሠራባቸው ሲታዘዙ ግን ምን እንደሚሆኑ አላየንም።

በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ፈተና እናቀርባለን። ሥራው የታወቀና ትንሽ ነው፤ ይኸውም ኮምፒዩተሩን ራሱ ገጣጥሞ የሠራ ሰው፣ በውስጡ ያለው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ክፍል ድምፅ ሲያሰማበት ወይም የሚሰጠው ኮረንቲ ሲረበሽበት፣ የብልሽቱን ምክንያት ፈልጎ የሚያገኝበት መመሪያ ነው። ሰውየው በደባርቅ ወይም በዳባት የሚኖር፣ እንግሊዝኛው ለንባብ የማይበቃው፣ አማርኛውን ግን አሳምሮ የሚያውቅ ነው እንበል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሊማሊሞ ቁልቁለት አፋፍ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታው በዚህ ጉዳይ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ወደ ኋላ እናየዋለን። ለጊዜው የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በተለመዱት ስያሜዎች የተጻፈ መመሪያ ይህን ሰው ከብልሽቱ ያደርሰዋልን? ሳይጎዳስ ይመልሰዋልን?

2. «ኃይል» የተሸከመው ጭነት

ከዕቃው ስም እንጀምር። በትርጉም ሥራዎች «ኃይል አቅራቢ»፣ «የኃይል ምንጭ»፣ «የኃይል አቅርቦት» የሚሉ አቻዎች ይታያሉ። ሦስቱም የሚመሠረቱት «ኃይል» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። በፊዚክስ ትምህርት ሦስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች አሉ፤ እነሱም አንድን ነገር የሚገፋው ወይም የሚስበው፣ ሥራ ለመሥራት የሚያስችለው ክምችት፣ እንዲሁም ሥራው የሚሠራበት ፍጥነት ናቸው። በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ «ኃይል» እንደ ጸሐፊው ፈቃድ ከሦስቱ አንዱን ሲወክል ኖሯል፤ «ጉልበት»ም እየተፈራረቀ ያግዘዋል።

የሕዝቡ አጠቃቀም ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በታተመበት በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ ይህን ረጅም ስም አሳጥሮ «መብራት ኃይል» አለው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ኮርፖሬሽን ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። የሕዝቡ ስያሜ ግን አልተከፈለም፤ ዛሬም «መብራት ኃይል» ነው። ስለዚህ «የኃይል አቅርቦቱ ይረበሻል» የሚል መመሪያ ያነበበ የደባርቅ ሰው የሚረዳው የከተማው መብራት እየሄደ እየመጣ መሆኑን ነው። «ኃይል አቅራቢው ይጮሃል» ቢባል ደግሞ የሚጮኸው መሥሪያ ቤቱ ነው ብሎ ቢስቅ አይፈረድበትም። «የኃይል ምንጭ»ም ቢሆን ባትሪንና ጄኔሬተርን የሚያስታውስ ነው፤ ይህ ዕቃ ግን ከራሱ የሚያፈልቀው ነገር የለውም።

ዕቃው የሚሠራው ምን እንደሆነ እንመልከት። ከግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት ይቀበላል፤ ይህም በሰከንድ 50 ጊዜ ሙሉ ዑደት እያደረገ አቅጣጫውን የሚቀያይር ኮረንቲ ነው። ይህን ወደ ቀጥተኛ ኮረንቲ ለውጦ፣ መጥኖና ከፋፍሎ፣ ለሞተሮቹ 12፣ ለሌሎቹ ክፍሎች 5 እና 3.3 ቮልት ያድላል። በአማርኛ ይህን ተግባር የሚገልጽ የቆየ ቃል አለን፤ «መጋቢ»። መጋቢ በቤቱ የገባውን ተረክቦ ለእያንዳንዱ እንደ ድርሻው የሚሰፍር ሹም ነው። ስለዚህ «ኮረንቲ መጋቢ» የሚለውን እንደግፋለን። «መጋቢ» የቤተ ክርስቲያን ማዕርግም፣ የመንገድ ዐይነት ስምም ሆኖ ያገለግላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን «ኮረንቲ» የሚለው ቅጥያ ከሁለቱም ይለየዋል።

«ኮረንቲ» ከጣልያንኛ የመጣ ነው ተብሎም መናቅ የለበትም። ካቻቢቴና ፒንሳም ከዚያው ወገን ናቸው። ከደባርቅ በላይ ያለው የወልቀፊት ምሽግ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1941 ለአርበኞችና ለአጋሮቻቸው ሲለቀቅ ጣልያኖቹ ሄዱ፤ የመሣሪያው ስም ግን በጠጋኙ እጅ ቀረ። ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖረን ቃል ነቅሎ አዲስ ለመትከል በቂ ምክንያት አላየንም። በሱቅ የሚነገረው «ፓወር ሰፕላይ»ም በመዝገበ ቃላቱ ከ«ኮረንቲ መጋቢ» ጎን ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ዕቃውን ለመግዛት የሚሄድ ሰው የሚጠይቀው በዚያ ስም ነውና።

3. አንድ ስም፣ አምስት ግሦች

የስያሜ ዝርዝሮች ያላቸው ትልቅ ጉድለት የሚታየው በዚህ ክፍል ነው። ዝርዝር አዘጋጅ ለአንድ የውጭ ስም አንድ የአማርኛ ስም ይፈልጋል፤ እናም «ድምፅ»፣ «ጩኸት» ወይም «ጫጫታ» ይመርጣል። «ድምፅ» ገለልተኛ ቃል ነው፤ ለቋንቋ ሊቃውንት የንግግር ቅንጣት፣ ለምርጫ አስፈጻሚ ደግሞ የመራጭ ፈቃድ ነው። «ጩኸት» ከነፍስ ያለው ነገር ይወጣል። «ጫጫታ» የብዙ ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱም ቢመረጥ ስለ ብልሽቱ የሚነግረን ነገር የለም።

በአንጻሩ ተናጋሪው ለጠጋኙ ሲነግር ስም አይጠቀምም፤ «ወንድሜ፣ ይኸ ዕቃ ጥዝዝ ይላል» ይላል እንጂ። አማርኛ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። «አለ» በሚለው ግሥ የሚታገዙት የድምፅ አስመሳይ ቃላትና በድርብርብ ሥር የተገነቡት ግሦች እያንዳንዳቸው ለአንድ የብልሽት ዐይነት ይስማማሉ። በተራ እንያቸው።

«ይንገጫገጫል» ከተባለ፣ የማራገቢያው መሽከርከሪያ ተበልቷል ወይም ሽቦ ከክንፉ ጋር እየተጋጨ ነው። «ሲጢጥ ይላል» ከተባለ፣ የማራገቢያው እምብርት ቅባቱ ደርቋል፤ ብዙውን ጊዜ በብርድ ጧት ብሶ፣ ዕቃው ሲሞቅ ይቀንሳል። «ያፏጫል» ወይም «ሲር ይላል» ከተባለ፣ ማራገቢያው ሳይሆን የሽቦው ጥቅል ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው ኮረንቲ እያርገበገበው ነው። ይህ ድምፅ ኮምፒዩተሩ ከባድ ሥራ ሲሠራ ቅጥነቱን ይለውጣል፤ የሚያሰለች ቢሆንም ዐልፎ ዐልፎ ካልሆነ በቀር አደጋ አያመለክትም። «ጥዝዝ ይላል» ከተባለ፣ ከግድግዳው የሚመጣው ኮረንቲ የራሱ ድምፅ ነው፤ የትራንስፎርመሩ ብረት በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ስለሚሳብ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በእጅ በሚሠሩ የቀድሞ ዐይነት ባለ ትራንስፎርመር መጋቢዎች ይህ የተለመደ ነው። «ይንጣጣል» ከተባለ ግን ኮረንቲው አየር ሰንጥቆ እየዘለለ ነው፤ የሚቃጠል ነገር ሽታ ቢኖርም ባይኖርም ምርመራው በዚያው ያበቃል፣ ዕቃው ወዲያው ከሶኬቱ ይነቀላል።

እነሆ አምስት ግሦች የምርመራውን ግማሽ መንገድ ወሰዱን። ጠጋኙ ዕቃውን ሳይከፍት ከቀላሉ ከባዱን፣ ከሚያሰለቸው የሚገድለውን ለይቷል። ይህን ሁሉ «ጫጫታ» በሚል አንድ ስም የሸፈነ መመሪያ የተናጋሪውን ዕውቀት ቀምቶ በምትኩ የሰጠው ነገር የለም። ስለዚህ የሙያ መዝገበ ቃላት ግሦችንና የድምፅ አስመሳይ ቃላትን በራሳቸው መግቢያ፣ ከነሙያዊ ፍቺአቸው ሊያስተናግድ ይገባል እንላለን። እነዚህን ቃላት የተራ ንግግር ማጣፈጫ ብቻ አድርጎ የመቁጠር ልማድ መታረም አለበት።

4. የማይሰማው ሁከት

በእንግሊዝኛው ቃል ውስጥ ሁለተኛ ፍቺ አለ፤ በጆሮ የማይሰማ፣ በኮረንቲው ላይ የተደረበ መረበሽ ነው። አንድ መጋቢ ጸጥ ብሎ እየሠራ በዚህ ፍቺ እጅግ «ጯሂ» ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩ ያለ ምክንያት እንደገና ይነሣል፣ የተጻፈው ይበላሻል፣ ድምፅ ማጉያው ያጉረመርማል። እዚህ ላይ «ድምፅ» ማለት አንባቢውን ጆሮውን ወደ ማራገቢያው እንዲያስጠጋ ማዘዝ ነው፤ በዚያ ግን ምንም አያገኝም።

ለዚህ ፍቺ «ሁከት» የሚለው ይስማማል። በፍርድ ቤት ቋንቋ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚል ከሳሽ፣ በሰላም በያዘው ነገር ላይ ሌላው እየገባ ስላስቸገረው ነው፤ የኮረንቲ ሁከትም እንዲሁ በጸጥታ ሊፈስ በሚገባው ላይ የሚገባ ባዕድ ነው። «ረብሻ» እና «ብጥብጥ» ግን የአደባባይ ቃላት ስለሆኑ ለቤተ ሙከራ አይመቹም።

ከሁከቶች መካከል አንዱ የራሱ ስም ያስፈልገዋል። ኮረንቲው ወደ ቀጥተኛነት ከተለወጠ በኋላ የቀድሞው መዋዠቅ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ነፋስ የነካው የኩሬ ውኃ እንደሚሸበሸብ፣ ቮልቴጁም በትንሹ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን አንዳንዶች «ሞገድ» ይሉታል፤ ነገር ግን «ሞገድ» ለሬዲዮና ለብርሃን አስቀድሞ ተይዟል። «ሽብሽብ» ብንለው ምስሉ ትክክል ነው፤ ትንሽ፣ ተደጋጋሚና በገጽ ላይ ያለ ነገር ነውና። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣውና እስከ ዛሬ በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች በሚሠራበት ኤቲኤክስ በተባለው ሥርዐት መሠረት፣ በ12 ቮልት መስመር ላይ ያለው ሽብሽብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ120 ሚሊቮልት፣ በ5 እና በ3.3 ቮልት መስመሮች ላይ ደግሞ ከ50 ሚሊቮልት መብለጥ የለበትም።

የሽብሽቡ ድግግሞሽ ራሱ ምስክር ነው። ባለ ትራንስፎርመር በሆነው መጋቢ ውስጥ አራቱ ዳዮዶች በደኅና ሲሠሩ ሽብሽቡ በሰከንድ 100 ጊዜ ይመላለሳል፤ ወደ 50 ከወረደ ከዳዮዶቹ አንዱ ተበጥሷል ማለት ነው። ድግግሞሹ 100 ሆኖ መጠኑ ከጨመረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተጠርጣሪው ሽብሽቡን የሚያለሰልሰው ካፓሲተር ነው። ይህ ዕቃ በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል፤ አናቱም ያብጣል። «አብጧል» የሚለውን ቃል ማንም አልፈጠረውም፤ የሚታየው ነገር ራሱ አውጥቶታል፤ ስለዚህ ሌላ ስያሜ መፈለግ አያሻም።

5. አምስት «መሬቶች»

እስካሁን ያነሣናቸው ጉድለቶች ሰውየውን ያደናግሩታል እንጂ አይገድሉትም። ቀጥሎ የምናነሣው ግን ይገድላል። «ቮልቴጁን ከመሬት አንጻር ይለኩ» የሚል ዐረፍተ ነገር በትርጉም መመሪያዎች ዘንድ የተለመደ ነው። የትኛው መሬት? በዚህ አንድ ቃል የሚጠሩ ቢያንስ አምስት ነገሮች አሉ። አንደኛው በአፈር ውስጥ ከተቀበረው ብረት ጋር የተያያዘው የጥበቃ ሽቦ፣ ሁለተኛው ኒውትራል የተባለው የመመለሻ ሽቦ፣ ሦስተኛው የኮምፒዩተሩ የብረት ቀፎ፣ አራተኛው 12 እና 5 ቮልቱ የሚለካበት የውጤቱ ዜሮ፣ አምስተኛው ደግሞ በመጋቢው ውስጥ ከግድግዳው ወገን ያለው የመጀመሪያው ክፍል የራሱ ዜሮ ነው።

አራተኛውና አምስተኛው በሥዕል ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በመካከላቸው ግን ሆን ተብሎ የተሠራ መለያያ አለ። አምስተኛው ከግድግዳው ኮረንቲ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ የሚነካው ሰው ይነዘራል። በኦሲሎስኮፕ ሽብሽብ የሚለካ ሰው የመሣሪያውን «መሬት» በዚህ ነጥብ ላይ ቢያያይዝ፣ የመሣሪያው መያያዣ ከእውነተኛው መሬት ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ ወዲያው ኮረንቲው ይጋጫል፤ ዕቃው ይቃጠላል፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ተርጓሚው የሠራው ስሕተት የለም ሊባል ይችላል፤ ቃሉ በዝርዝሩ ውስጥ አለና። ስሕተቱ የዝርዝሩ ነው።

እንዲህ እንዲለይ እናመለክታለን። «መሬት» የሚለው በአፈር ለተቀበረው ብቻ ይቅር። የብረት ሣጥኑ «ቀፎ» ይባል። ለዜሮዎቹ ደግሞ የሰዋስው ትምህርታችን ያስለመደንን «የወል» የሚለውን ቃል እናውሳቸው፤ ብዙ መስመሮች በጋራ የሚመለሱበት ነውና «የውጤቱ ወል» እና «የግድግዳ ወገን ወል» ይባሉ። «ኒውትራል» በሙያተኛው አፍ የታወቀ ስለሆነ እንዳለ ይቀመጥ።

6. «ይጠፋል» ማለት ምን ማለት ነው?

የአማርኛ መመሪያ ጸሐፊዎች ትእዛዝን በትንቢት ግሥ መግለጽ ይወዳሉ፤ «ይከፈታል»፣ «ይፈተሻል»፣ «ይነቀላል» ይላሉ። ለምግብ አሠራር ጽሑፍ ይህ ጉዳት የለውም። በብልሽት ፍለጋ ግን ምልክትና ትእዛዝ ጎን ለጎን ይጻፋሉ። «ከአምስት ደቂቃ በኋላ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል» የሚል አንባቢ፣ ራሱ ይጠፋል ማለት ነው ወይስ አጥፋው ማለት ነው? ዐረፍተ ነገሩ አይነግረውም። ስለዚህ ምልክት በትንቢት፣ ትእዛዝ ደግሞ በአክብሮት ትእዛዝ አንቀጽ «ያጥፉ»፣ «ይንቀሉ» ተብሎ እንዲጻፍ ሕግ ሊበጅ ይገባል።

ከዚህም የሚብስ አለ። «ማጥፋት» በአማርኛ ለመብራትም፣ ለእሳትም፣ ለኮምፒዩተርም ይሆናል። ከማብሪያ ማጥፊያው የጠፋ የኤቲኤክስ ኮምፒዩተር ግን ከሶኬቱ እስካልተለየ ድረስ በመጋቢው ውስጥ ሕያው ነው፤ ለመነሣት የሚጠባበቅ 5 ቮልት መስመርም አለው። ከሶኬቱ ሲነቀልም ነገሩ አላበቃም። 220 ቮልቱ ሲለወጥ ጫፉ ወደ 311 ቮልት ይደርሳል፤ ይህንንም ትልቁ ካፓሲተር አጠራቅሞ ይዞ ለደቂቃዎች፣ ማፍሰሻው ከተበላሸም ለብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ግሦች በተራ ያስፈልጋሉ፤ «ማጥፋት»፣ «መንቀል» እና «ማራገፍ»። ሦስተኛው የተጠራቀመውን ማውጣት ነው፤ መራገፉም በቴስተር ተለክቶ ይረጋገጣል። መመሪያው «አጥፍተው ይክፈቱ» ካለ ሁለት ግሥ ዘሏል፤ ለልምምድ ያልሠለጠነ ሰውማ መጋቢውን ከመክፈት ይልቅ ሙሉውን በሌላ ቢለውጥ ይሻለዋል፤ ይህም በመመሪያው በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

7. ከፍታና የሣጥኑ ጽሑፍ

በመጨረሻ የቦታውን ነገር እናንሣ። በደባርቅ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 ከመቶ ገደማ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከር የሚያሳልፈው አየር ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ በሙቀት የሚታዘዝ ማራገቢያም ይህን ለማካካስ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይጨምራል። እንግዲህ በባሕር ጠለል የተጻፈ መመሪያ ብልሽት ብሎ የሚቆጥረው የማራገቢያ መንሿሿት በሰሜን ተራሮች ግርጌ የጤና ምልክት ሊሆን ይችላል። ተርጓሚ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም መተርጎም አለበት የምንለው ስለዚህ ነው።

ስስ አየር ኮረንቲን የመከልከል አቅሙም ዝቅተኛ ነው። በዓለም አቀፍ የደኅንነት ደንቦች መሠረት ባዶ ክፍተቶች በአብዛኛው የሚመጠኑት እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ሲሆን፣ ለ3,000 ሜትር በ1.14፣ ለ4,000 ሜትር ደግሞ በ1.29 ተባዝተው መስፋት ይኖርባቸዋል። በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ከ2,000 ሜትር በታች ብቻ እንዲሠራባቸው የሚያሳስብ ምልክት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ለብዙ አገሮች አንባቢ ይህ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ለደባርቅ፣ ለዳባት፣ ከእነሱም በላይ ለሳንቃበርና ለጨነቅ ግን የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ መሆን ይገባዋል። በአማርኛ ትርጉሞች ውስጥ እንዲህ ያለው መስመር እንደ ትርፍ ነገር ተቆጥሮ ሊዘለል አይገባም።

8. ማጠቃለያ

ያቀረብነው ፈተና በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ ያተኮረ ነው፤ ውጤቱ ግን ለሌላውም የሚጠቅም ይመስለናል። ስለዚህም ለስያሜ ሥራ ባልደረቦቻችን የሚከተሉትን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ማንኛውም የስያሜ ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት በአንድ ሙሉ የሥራ መመሪያ ተጽፎ፣ ሙያውን በሚያውቅና እንግሊዝኛ በማያነብብ ሰው ፊት ይነበብ። ሁለተኛ፣ ግሦችና የድምፅ አስመሳይ ቃላት ከስሞች እኩል መግቢያ ያግኙ። ሦስተኛ፣ «ኮረንቲ መጋቢ»፣ «ሁከት»፣ «ሽብሽብ»፣ «ወል» እና «ማራገፍ» ለውይይት ይቅረቡ፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያቀርብ ካለ በደስታ እንቀበላለን። አራተኛ፣ አንድ የአማርኛ ቃል ሕይወትን በሚያሰጉ ሁለት ነገሮች ላይ እንዳይውል ቅድሚያ ተሰጥቶት ይጠበቅ፤ የቃል ውበት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የደባርቁ ሰው «ጥዝዝ ይላል» ብሎ በአንድ ሐረግ የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል። የቀረውን ግማሽ የሚያስጨርሰውን ቃል አዘጋጅቶ ማቅረብ የእኛ ድርሻ ነው።